ሦስት ጠብታ

በኦሃካ ኮረብታ፣ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ግሎ አጋቬ ሲጠበስ፣
አገር ይሰበሰብ ነበር፣ ሽታው ከሩቅ ሲደርስ።
ሜዝካሉን ስቀዳ፣ አረፋው እንደ ዛጎል ሲደረደር፣
«ዶን ኤሌውቴሪዮ!» ይሉኝ ነበር፣ ከሳን ኢላሪዮ እስከ ባሕር።
ስለ አተላው ግን ማን ጠየቀኝ?
ማንም።

ለአንድ ጠርሙስ ጥሩ፣ አስር ጠርሙስ ክፉ፣
የሚያቃጥል፣ ቡናማ፣ ኮምጣጣ ነው ትርፉ።
አያቴም ደፍቶታል፣ አባቴም ደፍቶታል፣
ወንዝ ምን አፍ አለው? ዝም ብሎ ይጠጣል።
ጠጪው በጨዋታው ሌሊቱን ሲያደምቀው፣
የማግስቱን ራስ ምታት ወንዙ ነው የወረሰው።
ዓሣው ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሲንሳፈፍ፣
«ሙቀቱ ነው» አልን፣ ቆመን ከወንዙ አፋፍ።

የእህቴ ልጅ ክሪሶፎራ ከከተማ መጣች፣
ጣት የምታህል ወረቀት አተላው ውስጥ ነከረች።
ቀላ።
ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።
በቅሎዬን ፈትታ ወደ ወንዙ መራቻት፣
አሥራ አራት ዓመት የወፍጮዬን ድንጋይ ስትዞር የኖረችውን።
ውሃውን አሸተተች፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች።
በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ወሬ ታስቀይራለች ይባላል፤
የኔዋ ግን ሳትጠየቅ መለሰች።

ሦስት ገንዳ ቆፈርን።
በአንደኛው እሳቱ ይበርድለታል፣
በሁለተኛው ኖራና አመድ ምላሱን ይገራዋል፣
በሦስተኛው ደንገል ሥሩን ሰዶ የተረፈውን ይለቅማል።
ዝቃጩን ከአጋቬ ገለባና ከአፈር ጋር አቡክተን
ጡብ አወጣነው፣ የዶሮ ቤት ሠራንበት።
ዝናብ ሲነካው ግድግዳው ዛሬም ትንፋሹ ሜዝካል ነው፤
አውራ ዶሮው በእኩለ ሌሊት ቢጮህ አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ግን እስከ አሁን አንገቴን ያስደፋኛል።
ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ከመቅመሴ በፊት፣
ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እናታችን፣ አንቺ ቅደሚ» ብዬ
ለምድር አንጠባጥብላታለሁ፤
ሦስት ጠብታ፣ በፊቷ።
በጓሮ በኩል ደግሞ
በርሜል።

ትናንት ወረቀቱን ሦስተኛው ገንዳ ውስጥ ነከርነው።
ቢጫ ወጣ።
«አረንጓዴ መሆን ነበረበት፣ ገና ነው» አለች ክሪሶፎራ፣ ደብተሯ ላይ እየጻፈች።
በቅሎዋ ቀረበች። አሸተተች።
ትንፋሼን ዋጥሁ።

አልጠጣችም።
ፊቷንም ግን አላዞረችም።