ነገ ና

ሱቄ በርበሬ ወንዝ፣ ባጃጅ ተራው ጎን ነው፤
ሥራዬ ስልክ ከፍቶ አንጀቱን ማየት ነው።
ውሃ የገባበት፣ ከኪስ የወደቀ፣
ባጃጅ የረገጠው፣ ፊቱ የደቀቀ፣
ይመጣል በጠዋት፣ ይደረደራል፤
ስሙ በፕላስተር ተጽፎበት ያድራል።

ያን ቀን ማክሰኞ ነው። የሐያትን ስክሪን ቀይሬ ጨረስኩና
ይሠራ እንደሆን ጣቴን አስኬድኩ ከላይ ወደ ታች፤
ዓለም ባውራ ጣቴ ሥር እንደ ጎርፍ ወረደች።
አንዱ ይላል፦ መኪና ያለ ሾፌር ሄደ፤
አንዱ ይላል፦ ማሽን ግጥም ጻፈ፣ ፈረደ፣
የሐኪም ጽሑፍ አነበበ፤ ጥቂትም ቀደደ።
አንዱ ይላል፦ ባሕር ማዶ ደን ነዶ አደረ፤
ሰፈሩ እንዳለ አመድ ሆኖ፣ ፈረስ ብቻውን
አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ባለ ባጃጁ አህመዴ ባንገቴ ላይ አጎንብሶ፣
«ወይ ጉድ! እነሱም ጋ ይነዳል?» አለና
ሻዩን ፉት አለ።
እኔም፣ «ውሃ የላቸውም እንዴ?» አልኩ።
እንዲህ ነው የሰው እሳት፤
ሲያዩት ያበራል እንጂ አይለበልብም ፊት።

ከዚያ አንድ ነገር ስክሪኑ ላይ አረፈ፤
ግራጫ፣ ስስ፣ የድንቢጥ ላባ የሚያህል።
ከቪዲዮው መስሎኝ
ባውራ ጣቴ ገፋሁት። አላለፈም።
ደግሜ ገፋሁት። ተቀባ።
አመድ ነው።

ቀና አልኩ።
የጎፍ ይጤሳል።

ያ ጥዱ፣ ያ ወይራው፣
ዝናብ ሲጠፋ እንኳ ጭጋግ የሚያበድረን ተራራ
ወገቡን በቀይ መቀነት ታጥቋል።
ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አነሣ፤
ለዱዓ መሰለኝ፣ ለጸሎት መሰለኝ፤
ስልክ ነው የያዘው። እኔም ራሴ ያዝኩኝ።
ሐያት ስልክ ውስጥ ያቺ ብልህ ማሽን አለች፤
«ተራራ ሲቃጠል ምን ይደረጋል?» አልኳት።
ሳትደናገጥ፣ ቁጥር እየሰጠች፣
ሰባት ምክር ጻፈች።
የመጀመሪያው፦ «ላካባቢው ደን ጠባቂ በፍጥነት ይደውሉ።»

ደን ጠባቂ።

መሳቢያዬን ሳብኩት።
ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣
ፕላስተሩ ላይ የገዛ እጄ ጽሑፍ፦
«እንድሪስ ሙሄ። የጎፍ። ባትሪ።»
ዓርብ ነው ያመጣው። «ዛሬ ይድረስልኝ፣ ሣሩ ደርቋል» ብሎኝ።
ነገ ና አልኩት።
ቅዳሜ መጣ። ነገ ና።
ሰኞም መጣ፤ ሰው በዝቶ ነበር፤ ቀና ብዬም አላየሁት፤
በእጄ ብቻ፣ እንዲህ፣ ነገ።
ያሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የመስጊዱ ማጉያ ተጣራ፣ ደወሉም ተከተለ፤
የጨርቃ ጨርቅ ፈረቃ ቱታውን ሳያወልቅ፣
አህመዴ ባጃጁ ላይ ስምንት ጀሪካን ጭኖ
ወጣን። ግማሹ ውሃ መንገድ ላይ ፈሰሰ።
እሳቱን የመታነው በቅጠል ነው፤
የዛፍን ገዳይ በዛፍ እጅ።
እኛ አጠፋነው አልልም፤
ሲነጋጋ ነፋሱ ደከመው፣
እሳቱም ድንጋዩ ጋ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ተኛ።

እንድሪስን አንድ የከሰለ ግንድ ተደግፎ አገኘሁት።
ቅንድብ የለውም።
«እንዴት ሰው ጠራህ?» አልኩት።
«ጮህኩ።»
«ከዚያስ?»
«ከዚያማ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።»
አላውቀውም። የማውቀው ባትሪውን ነው።
አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ በከፈልኩ።
ጥቁር ምራቁን ተፍቶ፣ አፉን በክንዱ ጠርጎ፣
«ልጄ፣ ስልኬስ ደረሰ?» አለኝ።

ማታውኑ ሠራሁት። ስከፍተው ያቺን ትንሽ ዜማውን ጮኸ፤
ሦስት መልእክት ተከታትሎ ገባ፤
ሁለቱ ስለ አዲሱ ፈጣን ኔትወርክ የምሥራች ነው፤
ሦስተኛውን አላነበብኩም፣ የሰው ነው።

በማግሥቱ ሐያት መጣች። ስክሪኑን ወደ ብርሃን አዘንብላ፣
«አዲስ አይደል እንዴ? ይሄ ጥላሸት ምንድን ነው?» አለች።
ጨርቅ አነሣሁ።
«ዜና ነው» አልኳት።
ሳቀች፤ ከፍላ ሄደች።