ሰባተኛ ቤት

መብራት በጠፋበት ማታ፣ ከዚራ፣ የረምዚ አባት ሰገነት ላይ፣
ሙቀቱ ከግድግዳ ሲወጣ፣ ነፋስ አልመጣ ሲል ከሰማይ፣
በሞባይል ባትሪ ብርሃን አንድ ደብተር ተከፈተ፤
ሽፋኑ ላይ «ሒሳብ» ይላል፣ ውስጡ ግን ደም የሸተተ።

«ከተማዋ ድሬ ናት» አለን፤ «ፀሐይ ግን የማታውቅ ድሬ፤
ባቡሩ ሬሳ አራግፎ፣ ጭኖ የሚመለስ ወሬ።»
ከዚያ የዘር ሐረጉን ሣለ፣ በቀይ፣ ከላይ ወደ ታች፤
ከአናቱ «ምንጭ»ን አስቀመጠ፣ በማንም ያልተነከሰች፤
ከሥሯ «ጅረት»፣ ሦስት ልጆች፣ ግንብ በጥፍር የሚወጡ፣
ከጅረት «ኩሬ»፣ ከኩሬ «እንስራ»፣ ጥላ ውስጥ የሚቀመጡ፤
እንዲህ ደሙ እየቀጠነ፣ ጥርሱም እያጠረ ሲሄድ
ሰባተኛው ቤት ላይ ቆመ፦ «ጠብታ»። የማያዝዝ፣ የማይወልድ።

ዳይስ ተጣለ። ኢፍቱ ስድስት። ጅረት ሆና ወዲያው አዘዘች፦
«ጌዲ፣ ለስላሳ ግዛ!» ጌዲ ኩሬ ነው፤ ሄደ። ሳቀች።
(ጌዲ የእውነት አባቶቹን እስከ አሥራ ስምንት ይጠራል፣
በአንድ ትንፋሽ፤ ለዳይስ ግን እንደማንም ይገብራል።)

እኔ አንድ ጣልኩ።
ደግሜም አንድ።

ሁለት ክረምት ጠብታ ሆንኩ። ደቻቱን በሌሊት ስንሻገር
አሸዋው ላይ ቀድሜ የምሄድ፣ ጎርፍ መኖሩን ለመናገር፤
ሐረር ላይ፣ በጀጎል ግንብ፣ ጅብ በሚገባበት ቀዳዳ
እየተሳብኩ የማልፍ እኔ፤ እነሱ በበሩ፣ እንደ እንግዳ።
ጅቦቹ እንኳ ደረጃ አላቸው፤ ረምዚ እንዲያ ብሎ ጽፏል፤
ከመጨረሻው ጅብ በኋላ ጠብታ አጥንት ይለቅማል።

አንዴ ለመንኩት። «አንድ ደረጃ ብቻ። ኩሬ አድርገኝ አልልም።»
ደብተሩን ዘጋ። «ደም ወደ ላይ» አለ «በሕጉ አይፈስም።»

ሚያዝያ ላይ ወደቀ።
ሐኪሙ ረጅም ስም ነገረን፤ እኛ የሰማነው «ደም» ብቻ ነው።
ከንፈሩ ኖራ መሰለ።
ድል ጮራ ኮሪደር ላይ ተሰልፈን ጣት ተወጋን፤
ኢፍቱ፣ አይሆንም። ጌዲ፣ አይሆንም። እናቱ እንኳ።
ነርሷ ወረቀት አገላብጣ «የዚህ ልጅ ይሆናል» አለችን።

ከረጢቱ ሞላ። ለብ ያለ፣ ክብደቱ የግማሽ ሊትር ወተት፤
እንደ እስክሪብቶው አልቀላም፤ የጠቆረ፣ የቴምር ዓይነት።
ከብረቱ አናት ተሰቅሎ፣ በቀጭን ቱቦ ሲወርድ
ቆጠርኩ፦ «ጠብታ አይወልድም» ያለኝ፣ በጠብታ ሲወለድ።

ዓይኑን ገለጠ። መስኮቱ ላይ ቀትር ነበር፣ የድሬ ቀትር።
«መጋረጃውን ዝጉ፣ እቃጠላለሁ» አለ። ሳቅን። ነርሷ ተቆጣችን።
ደብተሩን አስመጣ፤ እጁ ተንቀጥቅጦ መጻፍ ቢያቅተው
ሐረጉን አልሰረዘም፤ ገጹን ብቻ ገለበጠው።
ምንጯ ከታች ቀረች። እኔ ከላይ፣ በተዘቀዘቀ ፊደል።
«ለዚህ ደረጃ ስም አጣሁለት» አለ።

ጌዲ ነው፣ አባት ቆጣሪው፣ ለስላሳውን ይዞ ቆሞ፣
የሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አጣሞ፣
«ደም መላሽ» ያለው።

በአያቶቻችን አፍ ይህ ቃል ያለ ሬሳ አይነሳም ነበር።
ረምዚ ፈገግ አለ፤ ጉንጩ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ የእኔ ቀለም።

ቅዳሜ ሰገነቱ ላይ ዳይስ ጣልኩ።
አንድ።