የዘለለችው መርፌ

ቦራ የሚሉት ነፋስ፣ ከተራራ ሲወርድ
ትሪየስቴ ለሰው ልጅ፣ ትዘረጋለች ገመድ።
ኔሪና ግን አትይዝም፤ ትተማመናለች በእግሯ፣
የመርከብ ሸራ ሰፍታ፣ አርባ ዓመት በኖረች ባገሯ።
መርፌ ማለት ድሮ፣ በሰም የታሸ ክር የሚጎትተው፣
ዛሬ ግን ሌላ ነው፤ በየስድስት ወሩ ክንዷን የሚወጋው።

እኔ ነኝ የምወጋት። የቀጠሮ ደብተሩን
እኔ ነኝ የምይዘው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወሩን።
አንድም ቀን ሳታጓድል፣ መጣች አራት ዓመት፣
ፎቶው ላይ ነጣ አጥንቷ፣ ሞላ ያ ሁሉ ክፍተት።

ከዚያ በኅዳር ቀረች። ሳምንቱን ዝናብ ነበር፣
ሰዉ ብዙ ነበር፣ ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣
አልደወልኩም።

ለካ ዝደንካን አይታ ነው፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣
በየሰኞ ማለዳ፣ ክኒን የዋጠች ሰባት ዓመት፤
ሐኪሟ «እረፊ» ቢላት፣ እሷም ብትተወው
አጥንቷ እንደጸና ነው፣ ደረጃ አወጣጧም ያው።
«እሷ ትታ ካልተሰበረች፣ እኔስ ምን እሆናለሁ?»
ማን ይንገራት ልዩነቱን? (እኔ ነበርኩ፤ አውቃለሁ።)

ክኒኑ ቤተኛ ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣
ባለቤቱ ቢተወውም፣ ለዓመታት ቤት ይጠብቃል።
መርፌው ግን ቅጥር ዘብ ነው፤ ደሞዙ በቀረ ማግስት
ይሄዳል፤ በሩን ከፍቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ በሌሊት።
ደጅ ሲጠኑ የከረሙ፣ አጥንት የሚግጡት ሁሉ
አራት ዓመት የተሠራን፣ በአንድ ክረምት ይበላሉ።

በየካቲት አንድ ማለዳ፣ መስኮቷን ልትዘጋ፣
ቦራ ከውጭ ሲገፋ፣ እሷ ከውስጥ ስትዋጋ፣
አልወደቀችም።
ቆማ ነው የተሰበረችው።
«ቀጭ አለ» ብላኛለች፣ «ደረቅ ዳቦ እንደሚቆረሰው።»
አንድ አከርካሪ። በፋሲካ ሌላው። በሰኔ ሦስተኛው።

ኮቷ ረዝሞባት ገባች፣ አራት ጣት ያህል አጥራ፣
ቁመቷን ልለካ ስል፣ እጄ ከበደው፤ ፈራ።
ወቀሳ ጠበቅሁ። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ፣
«አየሽ ልጄ፣ ሸራ ስንሰፋ አንድ መርፌ ከዘለልሽ
በሰላሙ ቀን አይታይም፤ ነፋስ ነው የሚነግርሽ።
አርባ ዓመት ያወቅሁትን፣ ለገዛ ገላዬ ረሳሁት።»

ወጋኋት። ቀጣዩን ቀን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት፣
ከሥሩም ለራሴ አሰመርኩ፦ ብትቀር እደውላለሁ።
ስትወጣ ነፋስ ጀምሮ ነበር።
ገመዱ አልተዘረጋም ገና፤ ግድግዳውን ስትይዝ አየሁ።