እግሬ አውጪኝ

ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ በታች ቀጭን ስፌት አለ፣
ከዚያ ነው ሥሩ የተነቀለ፣ ልቤ ላይ የተተከለ።
ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ ሲያስረዳኝ በጣልያን፣
"መንገዱ ተዘግቷል፤ ማለፊያ እንሠራለን" ብሎ ሲያሳየኝ ያን፣
ተለዋጭ መንገድ ለሾፌር ይነገር? ገባኝ ሳይጨርሰው፤
ጎዳና ሲቆፈር፣ ሰው እንደጫነ በጓሮ የሚመልሰው
እኔ ነበርኩና፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በቦሎኛ ከተማ፣
ተቀምጬ የዞርኳት፤ እግሬ ፔዳል እንጂ ዳናው ሳይሰማ።

በሦስተኛው ሳምንት አዳራሽ አስገቡኝ፤
ደረቴን ላጭተው፣ ሽቦ ለጣጥፈው፣ ብስክሌት ላይ አወጡኝ፣
የማይሄድ ብስክሌት!
ለሾፌር! በመስኮት የሚታየው ያው አንድ ዛፍ፣ ያው አንድ ቤት።

ኦርኔላ፣ ባለ ብርቱካን ጫማዋ፣ አጠገቤ ቆማ፦
"ድካምህ ስንት ነው? ከስድስት እስከ ሃያ፣ ቁጥር ስጠኛ፣ ልስማ።"
ቁጥር?
እኛ ቤት ድካም ሲጠየቅ መልሱ "ይመስገን" ነው፤
አባቴ በመጨረሻዋ ሌሊት "ደህና ነኝ" ብሎ ነው ያረፈው።
"አሥራ አንድ" አልኳት፣ ላቤ ካፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ፤
ከፊቴ ማሽኑ ላይ የልቤ መስመር ግን እውነቱን አነበበ።

ከጎኔ ኤርሜስ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያሳማ ጭን
እንደ ወረቀት ሲያሳሳ የኖረ ሥጋ ሻጭ።
"ተራዬ ደርሶ እኔም ተቆረጥኩ" አለና
ሊስቅ ሲል አመመው፣ እኔንም አመመኝና፣
ሁለት ሽማግሌ፣ የተሰፋ ደረታችን እንዳይለያይ ፈርተን፣
ትራስ እንደ ሕፃን አቅፈን፣ ቀስ ብለን፣ በየተራ ሳቅን።

ከዚያ የቤት ሥራ፦ ከሳራጎሳ በር ተነሥቶ
ተራራው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ጣሪያ ለብሶ
የሚወጣ መንገድ አለ። ቅስት እየቆጠርኩ እንድሄድ ነገሩኝ።
"ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው ቅስቱ" አሉኝ።
ባለቤቴ ትብለጽ ሰምታ አማተበች፤
"ምነው፣ ሌላ ቁጥር አጡ?" አለች።

ሰኞ ሰባት ቅስት። ሐሙስ አሥራ አራት፤ ዝናብ ነበር፣ አልነካኝም።
መስከረም ሲያልቅ አርባ። በማግስቱ ሃያ ብቻ፤ ለማንም አልተናገርኩም።
ጋሪ የምትገፋ እናት አለፈችኝ።
አንካሳ ውሻ አለፈኝ።
ባለ ከዘራ አሮጊት "ፐርሜሶ" ብላ አለፈችኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ያለፍኳት ከተማ
አንድ በአንድ፣ በእግሯ፣ አለፈችኝ።

ኅዳር ላይ፣ በጭጋግ፣ ሜሎንቼሎ ደረስኩ፤ ሦስት መቶ ምናምን፣
ቆጠራው ጠፍቶብኛል። ጣሪያው ዳገቱን ይዞ ሲታጠፍ ሳይ፣ ግንቡን
ተደግፌ ትንፋሼን ስለቅም፣ አውቶቡስ መጣ፤ የኔው መስመር፤
በሩ ሲከፈት የሚያወጣው ትንፋሽ ከኔ ትንፋሽ ይረዝም ነበር።
ቫኔስ ከመሪው ላይ፦ "ግባ እንጂ! ቲኬት አልጠይቅህም!"
ስንቱን ሯጭ፣ ሰዓት አለፈ ብዬ፣ በሩን ዘግቼበት ሄጃለሁ፤
ዛሬ በሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ። እያየሁት ቆሜያለሁ።

"ሂድ" አልኩት በእጄ።

እግሬ አውጪኝ ይላል ሰው፣ የሚያባርረው ሲመጣበት፤
ለእግሩ የሚማጠንባት፣ ሁሉን ጥሎ የሚሮጥባት ቃል ናት።
የኔዋ ያወጣችኝ ግን ሳልሮጥ ነው፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ካካሏ ቆርጣ ስትሰጥ እንኳ አላየኋት፣ ተኝቼ።
ይኸው አሁን፣ ግንብ ተደግፌ ብቆምም፣
ልቤ ውስጥ አንዲት ስንዝር እግር መራመዷን አላቆመችም።

አሥራ ሁለት ቅስት ወጣሁ ከዚያ ወዲያ። ከዚያ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ኦርኔላ "ስንት?" አለች። አፌ "ይመስገን" ሊል ነበር፤ ዋጥኩ።
"አሥራ ስድስት።"
ጻፈችው። ጎንበስ ብላ የብስክሌቱን ክብደት ቀነሰችልኝ።
ኤርሜስ ትራሱን አቅፎ፦ "ውሸታም፣ አሥራ ሰባት ነው" አለኝ።