የማን ልክ

ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ፤ ቫልዲቪያ አላባራም፣
የእኔ ክፍል መስኮት የለው፣ ከደመና ጋር አያወራም።
ከጠዋቱ አንድ ተኩል ላይ ኤድልሚራ ልጇን ይዛ መጣች፣
ካፖርቷ ሲንጠባጠብ፣ ማውለቁንም ረሳች።

አማሮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ቃል የለውም። ድምፅ ግን አለው፦
ከወንዙ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ሥር
የሚያጓሩትን የባሕር አንበሶች ቋንቋ
አንድም ሳይሳሳት ይናገራል።
ነርሷ ማካሬና ሳቀች፤ ደገመላት።

ጉልበቱን አላዘረጋ ያለው ጅማት ዛሬ ይረዝማል።
ቀላል ሥራ ነው ይላሉ። የእኔ ሥራ
ከጅማቱ ሳይሆን ከእንቅልፉ ነው፦
እንዳይነቃ፣ ደግሞም እንዳይሰጥም
ገመዱን ይዞ መሐል መቆም።

ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛውን ልጥፍ ለጠፍኩ።
አልወደደውም፣ ግን ታገሠኝ።
መሣሪያው ጥቂት አሰበና ጻፈ፦ ሰባ አንድ።

ሰባ አንድ!
ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ
በማዳመጫዬ ጎማ እየተጫወተ ነው።
ለሌላ ልጅ ይህ ቁጥር ማንቀላፋት ነው፤
የነቃ ሰው ዘጠና ምናምን ያስጽፋል።
የሌሎች አንጎል ተሰፍሮ፣ የሌሎች እንቅልፍ ተቆጥሮ፣
በሌላ ሰው ቁና ነው የሚለካ የእሱ አእምሮ።
ልክ ነው ይላሉ፣ መሣሪያው ልክ ነው፤
ልክስ ልክ ነበር፣ የማን ልክ ነው?

እናቱን ጠየቅኋት፦ "ሲያመው በምን ታውቂያለሽ?"
ቆይታ መለሰች። "አያለቅስም።
የግራ እጁን አውራ ጣት መዳፉ ውስጥ ይደብቃል።
እኔም ለማየት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።"
መዝገቡ ላይ ለዚህ ቦታ አልተተወለትም፤
ከክብደቱ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ አጣብቄ ጻፍኩት።

ጭምብሉን አቀረብኩ። ውስጡ አንዴ አጓራ፣
ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ከዚያ ወረደ።

ዶክተር ኦያርሱን ቁጥሩን አየ፦
"አርባ አራት። ልክ ነው፤ ልጀምር?"
መጽሐፉም እንዲሁ ይላል።
እኔ ግን ከሰባ አንድ የወረደን
ከመቶ እንደወረደ መቁጠር አቃተኝ።
ከሰገነት የወደቀና ከደረጃ የወረደ
መሬት ላይ ስለተገናኙ፣ መንገዳቸው እኩል ነው እንዴ?

"ቆይ" አልኩት።
የግራ እጁን ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር አወጣሁ፣
ጓንቴ ላይ አሳረፍኩት። "ቀጥል።"

ምላጩ ነካ። ቁጥሩ አርባ አራት።
ልቡ ትንሽ ፈጠነ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ፤
ቁጥሩ አርባ አራት።
አውራ ጣቱ
ቀስ ብሎ
ቤቱ ገባ።

"አቁም።" መድኃኒት ጨመርኩ። ማንም አልተናገረም።
ጣቱ ተመልሶ ወጣ፣
ዝናብ እንደሸተተው ቀንድ አውጣ።
ሠላሳ ስድስት። መሣሪያው "ጠለቀ" ብሎ ጮኸ፤
ድምፁን አጠፋሁበት።
ከዚያ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ እጁን ይዤ ሠራሁ፤
ሙያውን የማያውቅ ቢያየኝ
ልጁን የማጽናና ይመስለዋል።
ማን ያውቃል፣ አጽናንቼም ይሆናል።

ስልሳ ስምንት ላይ ዓይኑን ገለጠ።
በእኛ ቁና ገና ተኝቷል።
የእናቱን እርጥብ እጅጌ ያዘና አጓራ፤
ማካሬና ከማዶ አጓርታ መለሰችለት።

ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ የት እንደነበረ
እሱ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቀውም።
ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ በድልድዩ በኩል ዞርኩ።
የባሕር አንበሶቹ ዝናቡ እየወረደባቸው ተዘርረዋል፤
አንዱ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣
ተኝቶ ይሁን ነቅቶ፣ እኔ እንጃ፣
ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ
ቆሜ አየሁት።