ጆሮው ላይ ቁጥር የሌለው

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ጮኸ ከራስጌዬ፤
ዊብረን ነው፤ «ላሚቱ ልትሞት ነው! ድረሽልኝ፣ እህትዬ!»
ግድቡን ይዤ ነዳሁ፤ የባሕሩ ንፋስ መኪናዬን ሲገፋ፣
በፍሪስላንድ ሜዳ ላይ፣ ኮረብታ በሌለበት፣ ጨለማው ያለ ዳር ሲሰፋ።

ጋጣው በራፍ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ባዶ እግሩን በቦት ጫማ።
ሚስቱ ስታምጥ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም፤ ሰምቻለሁ ሲታማ።

ረጅሙን ጓንት አጠለቅሁ፣ እስከ ትከሻዬ ድረስ፤
እግሩን ፈልጌ አቃናሁ፤ ወጣ ጥጃው ሲያስነጥስ።
ዊብረን ተንበርክኮ አፍንጫውን በገለባ ነካካለት፤
እናቱንም ትኩሳቷን ለካ፤ ስንት እንደሆነ ጻፈላት።
«ከትናንት ማታ ጀምሮ» አለኝ «ውሃ ቀንሳለች፤
ሽንቷ ጠቁሯል፤ ስታመነዥክም በግራ መንጋጋዋ ትዘገያለች።»
ሁሉን ያውቃል፤ የመቶ አሥራ ሁለት ላም ጡት፣ ኮቴና ሳል፤
የትኛዋ መብረቅ እንደምትፈራ፣ የትኛዋ ቂመኛ እንደሆነች ይነግርሃል።

እጄን ስታጠብ ግን አየሁት፤ ምሰሶውን ተደግፎ፣
ፊቱ እንደ ወተቱ ነጥቶ፣ ትንፋሹን አፍኖ፣ ቆልፎ።
አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሦስቴ ወጣ ወደ ጓሮ፤
ሦስቴም ተመለሰ፣ ቀበቶውን ይዞ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።

«ምነው?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» «ከበጋ።»
«ደም አለበት?»
ባልዲ አነሣ፤ ንጹሑን ወለል ሊያጥብ ተጋ።

ዊብረን!
አባትህ ዳውወ ዕድሜውን ሙሉ «ሆድ ይፍጀው» እያለ ኖረ፤
ሆድ ፈጀው። ሳይናገር ታመመ፤ ሳይናገር ተቀበረ።
በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ድርቆሹን ሳይከምር፣ በሰኔ።
እናትህ ሚስማር ፍለጋ ሣጥኑን ስትከፍት፣ አብሬያት ነበርኩ እኔ፤
ከሚስማርና ከብሎን መሃል የምርመራው ጥሪ ተቀምጦ፣
ሦስት ፖስታ፤ አንዱም አልተከፈተ፤ የሞተር ዘይት መጥጦ።
«ጀግና ነበር፤ አንድ ቀን አላቃሰተም» አሉ ቀብሩ ላይ ሰዎች፤
እኔን የሚሞቱብኝ ግን ዝምተኞቹ ናቸው፣ ዝምተኞቹ ላሞች።

አንተ ብቻም አይደለህ። ሹርት ደረቱን ሲወጋው፣ «የበላሁት አይብ ነው» ብሎ ይስቃል፤
ፎከ ትራክተሩን በየወሩ ያስመረምራል፤ የራሱን ልብ ግን ይንቃል።

የምትፈራውን አውቃለሁ። የሐኪም ጣት ነው፤ አትሳቅ!
እስከ ብብቴ ስገባ ላሚቱ ቆመች፣ ሳትሸማቀቅ።
ክብሯ ምኑ ተነካ? ይኸው ልጇን እየላሰች፤
አንተ ክብሬን ስትል፣ ኒንከ ነገ ማንን «አባዬ» ትላለች?

መልስ የለም። ካርድ አወጣሁ፤ የከብት መመዝገቢያ፤ እስክሪብቶዬን ፈታሁ፤
እሱ እያየ፣ በትልልቁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጻፍሁ፦
«ወንድ። ሃምሳ ስድስት ዓመት። ጆሮው ላይ ቁጥር የለውም።
ሽንቱ ደም አለው። ሌሊት አይተኛም። ከስቷል። አይናገርም።
የባለቤቱ ስም፦» ብዬ ባዶ ቦታ ተውኩለት፤
«እንዲህ ያለ ከብት ጋጣህ ቢቆም፣ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

ቧንቧው ይንጠባጠባል። ጥጃው ሊነሣ ይውተረተራል፣ ይወድቃል።
ቆይቶ፣ «ይሄማ» አለ «በሌሊት ያስደውላል፤ ምን ይጠየቃል?»

ማክሰኞ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ዊብረን ነው፤ ፀጉሩን አበጥሮ፣
ንጹሕ ሸሚዝ፣ የሠርግ ጫማ፤ ያን ካርድ በጣቱ ቆንጥሮ።
በባዶው ቦታ ስሙ አለ፤ በእርሳስ፣ በተጣመመ ጽሕፈት፤
ከሥሩ የኒንከ ሥዕል፤ አንድ ወይፈን፣ የአባቷ ባርኔጣ ያለበት።

ድልድዩ ተነሥቶ ቆምን፣ ረጅም ጀልባ እስኪሻገር።
«ክፉ ቢሆንስ?» አለኝ፤ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።
አላውቅም አልኩት። እውነት ነው፤ የከብት ሐኪም ነኝ፤ አላውቅም።
በጊዜ ወደ ጠራኝ ቤት ግን፣ መንገዱ ያን ያህል አይርቅም።

«ላሞቹን ማን ያልባቸዋል?» አለ።
ድልድዩ ወረደ።
ሞተሩን አስነሣሁ።