ስድስት ገጽ

ሳስካቱን ቤተ መጻሕፍት፣ ከሚወገዱት መሐል፣
በአንድ ዶላር ገዛሁት፤ ክብደቱ ጡብ ያህላል።
«ታላቅ ነው» ይሉታል፣ ያላነበቡት ሁሉ፤
እኔም እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ፤ ምን ይደረግ በሉ።

ከኔ በፊት የያዘው ሰው እርሳስ ይወድ ኖሯል፤
በየኅዳጉ «ግሩም!» «ለምን?» እያለ ቸክችኳል፤
እስከ አርባ ሦስተኛው ገጽ። ከዚያ ወዲያ የለም።
እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል፤ አልፈረድኩበትም።

የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ በአረጋውያን መጦሪያ፤
ከመድኃኒት ዙር በኋላ፣ እስከ አንሶላ መቀየሪያ፣
ሁለት ገጽ እገፋለሁ፤ አንዱን እደግማለሁ፤
ማን ማንን እንደወጋ ጠፍቶብኝ እመለሳለሁ።
ጀግናው ሳይወረውር ሃያ መስመር ይፎክራል፤
ባላጋራው ጦር ተሰብቆበት የዘር ሐረግ ይቆጥራል።
«ወይ ውጋው፣ ወይ ማረው!» ብዬ ጮኬ ኖሮ ሳላውቀው፣
ከአሥራ ሁለት ቁጥር «ማንን?» አሉ አቶ ዋሲል፣ ነቅተው።

አርባ አራተኛው ገጽ ላይ መርከቦቹ መጡ።
ስም፣ ስም፣ ስም፤ የማን ልጅ፣ ከየት፣ በስንት መርከብ፣
እንደ ቀበሌ መዝገብ።
ማን ሊያነብ?
ስድስት ገጽ ዘለልኩ። ማን አየኝ?
ገጣሚው እንደሁ ከሞተ ቆየ፤ ተነሥቶ አይወቅሰኝ።

የካቲት ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
አቶ ዋሲል አረፉ፤ ደወሉን ሳይነኩት።
ዕቃ መመዝገብ የኔ ሥራ ነው፤ ቅጽ አለው፦
አንድ ቆብ፣ የእህል ጎተራ ምልክት ያለበት፣ ላብ የበላው።
አንድ መነጽር፣ ክንዱ በፕላስተር የታሰረ።
አንድ የእጅ ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት ላይ የቀረ።
አንድ ፎቶ፦ ሴት፣ ቀይ ትራክተር ላይ ተቀምጣ የምትስቅ፤ ስም የለበትም።
«የማን ልጅ?» የሚል መስመር ቅጹ ላይ የለም።

ተመልሼ መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጥኩ፤
የዘለልኩትን ስድስት ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ።
እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ ነፋስ ከማይለየው ኮረብታ፤
እገሌ፣ ፈረስ ገሪው፣ ሚስቱ ደጅ ደጁን የምታይለት ማታ ማታ።
ለካ ሽማግሌው አሰልቺ አልነበረም፤
እንደ ደህና አልቃሽ ነው፤ አባቱን ሳይጠራ አንድ ሰው አይሸኝም።

ከመዝገቡ እርሳስ ወስጄ፣ ከመጨረሻው መርከብ በታች፣
«ዋሲል፣ የ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመች።
የማን እንደሆኑ አላውቅም።
ልጃቸው ከቫንኩቨር ነገ ትገባለች፤
ሳትፈርም እጠይቃታለሁ።
ገና ሦስት መቶ አሥር ገጽ አለ።